ጥላ የሌለው አጥንት

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ቢሮው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ፣ «እሜቴ ነጥብ» ነው የሚላት። ስሙም ያለ ነገር አልወጣላትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልትራሳውንድ ክፍል ተቀምጣ የሰው ሥጋ ሲንቀሳቀስ ስትከታተል የኖረች ሴት ናት፤ ያውም በነጥብ በነጥብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአልትራሳውንድ ስዕል አይታችሁ ከሆነ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ግራጫ አሸዋ የተበተነ ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው አሸዋውን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ያልፈዋል። እሷ ግን ወይ ፍንክች! እያንዳንዷ የሥጋ ቁራሽ የራሷ የነጥብ አቀማመጥ አላት፤ ሥጋው ሲሳብ ነጥቦቹም እንደተቀመጡ አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ እፍኝ ነጥብ መርጦ ከአንዱ ስዕል ወደሚቀጥለው፣ በሰከንድ አርባ ስዕል፣ የት እንደደረሱ የተከተለ ሰው ሥጋው ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ ያውቃል። ድሮ ይህን በዓይኗና በእጇ ነበር የምትሠራው። የአንድ ሰው እጅ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር፤ ደስ እያላት።

አሁን ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙን የሠራው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ አማቿ! የልጇ ባል ኢንጂነር ነው፤ ከእሷ ክፍል ሁለት በር አልፎ ይቀመጣል። እንግዲህ አስቡት፣ አማት አማቿ የሠራውን ነገር ቀኑን ሙሉ ስትነካካ። «ልጄ፣ ሳጥንህ ዛሬም ተንሸራተተች» ትለዋለች በበሩ ብቅ ብላ። «ሳጥኗ አይደለችም እማዬ፣ እጅዎ ነው» ይላታል እሱም ቀና ሳይል። ልጇ ሁለቱንም «እባካችሁ ማዕድ ላይ እንኳ ሥጋ አታንሡ» ብላ ስንቴ ለምናቸዋለች።

ሳጥን የሚሉት ስክሪኑ ላይ የሚጣል ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ሁለት ነው የሚጣለው። አረንጓዴው የሚለካው ነገር ላይ፣ ቢጫው አጥንት ላይ። ለምን አጥንት ላይ? ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን መዳሰሻ፣ የያዘ እጅ መቼም አንድ ቦታ ተተክሎ አይቆምም፤ ሲነቃነቅ ስዕሉም አብሮ ይነቃነቃል። አጥንት ግን ዝም ብሎ ተኝቷል። አጥንቱ የሄደ ከመሰለ የሄደው የባለሙያዋ እጅ ነው። ፕሮግራሙ ከአረንጓዴው ላይ ቢጫውን ይቀንስና የተረፈውን ብቻ ያሳያል። የተረፈው የሥጋው የራሱ እንቅስቃሴ ነው ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ፀጉር አስተካካይ መጣ። ወሬኛ ነው፤ ወሬኛ ስላችሁ እንዲሁ እንደዋዛ አይደለም፣ የተቀመጠበት ወንበር ሳይሞቅ የሦስት ደንበኛ ጉድ የጨረሰ ወሬኛ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት የሱቁ ትልቁ መስታወት ከግድግዳው ተነቅሎ ሲወድቅ ልደግፈው ብሎ እጁን ሰደደ። ስባሪው ከእጁ አንጓ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ክንዱን ቀደደው፤ አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ተቆረጠ። ሐኪሙ ሰፋለት፣ እጁም በድጋፍ ታስሮ ሰነበተ። ድጋፉ ከተፈታ ወዲህ ግን አውራ ጣቱ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ዶክተሩ ምን አሉኝ መሰለዎት እትዬ?» አለ እጁን ትራሱ ላይ ዘርግቶ። «ስፌቱ ከያዘ እሰየው ነው። ተበጥሶ ከሆነ ግን ሐሙስ ጠዋት ይከፍቱኝና ከቀለበት ጣቴ ደህናውን ጅማት ወስደው ለአውራ ጣቴ ይሰጡታል። ለሌላ ሰው ምንም አይደል፣ የቀለበት ጣት ሌላም ጅማት አለው፣ ትንሽ ቢደክም ነው። እኔ ግን እንዴት ልሁን?» መቀስ የያዘ ይመስል ሁለቱን ጣቶቹን አየር ላይ ሊያንቀሳቅስ ሞከረ፤ የታዘዘው የቀለበት ጣቱ ብቻ ነው። «መቀስ የሚያዘው በነዚህ በሁለቱ ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማድከም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጅ እኮ ነው።»

እሜቴ ነጥብን አንጀቷን በላት። «አይዞዎት ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንየው» አለችና በሙቅ ውሃ ያሞቀችውን ጄል ከተሰፋው ቦታ ዝቅ አድርጋ፣ አንጓው ላይ አፈሰሰችለት። ከስፌቱ በታች ያለው ጅማት ከተንቀሳቀሰ ስፌቱ ይዟል፤ ካልተንቀሳቀሰ ተበጥሷል። ጥያቄው ይኸው ነው፣ ሌላ ውስብስብ የለውም።

ሰውየው ግን ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም። «አንድ ራሰ በራ ደንበኛ አሉኝ» ብሎ ጀመረ። «ራሰ በራ ስልዎት ከግንባር እስከ ማጅራት አንዲት ፀጉር የለችም። በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ‹እንደወትሮው አድርግልኝ› ይላሉ። እኔም አሥር ደቂቃ ሙሉ መቀሱን አየር ላይ ሳንጫጫ ቆይቼ ጨርቁን አራግፍላቸዋለሁ። ሲጨርሱ መስታወቱን ያዩና ምን ይላሉ? ‹በዚህ በኩል ትንሽ አበዛኸው!›»

ሳቀች። ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እየሳቀች ፕሮቡን አስተካከለች፤ እየሳቀች፣ አጥንት ነጥቶ ነው የሚታየውና፣ እንደ ልማዷ ከሁሉ የነጣውን መስመር ፈልጋ ቢጫዋን ሳጥን ጣለች፣ አረንጓዴዋን ደግሞ የአውራ ጣቱ ጅማት ላይ። «በሉ እንግዲህ፣ አውራ ጣትዎን እጠፉት» አለች። ሰውየው ታገለ። እጁ በሙሉ ተወጠረ፣ የክንዱ ሥር ተገተረ፤ አውራ ጣቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነበር። ማለትም ምንም።

ሳቁ እዚያው ከአፏ ላይ ጠፋ።

«የሆነ ነገር ተሰማኝ» አለ ሰውየው በተስፋ። «እዚህ ጋ፣ ውስጥ ለውስጥ ክር ሲሳብ።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል ወንድሜ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ ጄሉን እየጠረገችለት። ከዚያም ሪፖርቱ ላይ «የጅማቱ እንቅስቃሴ፦ የለም» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ማክሰኞ ቁጥሩ ይከነክናት ጀመር። መጀመሪያ ሰውየው አሳዝኗት መሰላት፤ ሌላ በሽተኛ እያየች እንኳ ከሐሳቧ አልወጣ ሲላት ግን ሌላ ነገር እንዳለ ገባት። ዜሮው በጣም ንጹሕ ነው። በሕይወቷ ስንት የተበጠሰ ጅማት አይታለች። የሞተ ጅማት እንኳ እጅ ሲወጠር ዙሪያው ያለው ሥጋ ጎተት ያደርገዋል፤ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ሥራ እንደፈታ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ይሄኛው ግን ጭጭ። ሥጋ እንዲህ ጨዋ አይደለም። ደግሞ ያ ክር! ምን ነበር ያለው? «ውስጥ ለውስጥ።» ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል ብላው ነበር። ረጋ ብላ ስታስበው ግን አንድም ሰው እንደዚያ ብሏት አያውቅም። ቃሉን ለማጽናኛ ብላ ከአፏ ያወጣችው ነው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ማሽኑ ሰኞ የቀዳውን የሰውየውን ፊልም ከፈተችው። አንድ ጊዜ አየችው። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ሳጥኖቹን አጥፍታ በባዶ ዓይኗ አየችው፣ እንደ ድሮው። ነጥቦቹ ይሄዳሉ! በስክሪኑ መሐል አንድ ጠባብ የአሸዋ ጅረት ወደ ግራ ሹልክ ብሎ ሲመለስ አየች። ምሳዋን እንደተጠቀለለ ትታ ሁለት በር አልፋ ገባች።

አማቿ ዳቦ በአንድ እጁ፣ ማውስ በሌላው ይዞ ነበር። «እማዬ፣ ዓይን መሄዱን ከፈለገ የቆመውንም ሲሄድ ያያል» አላት ታሪኩን ሰምቶ። «ፕሮግራም የሠራነው እኮ ለዚህ ነው።»

«ስብከቱን ተወውና ቢጫዋ ሳጥን ለብቻዋ ስንት እንደሄደች አሳየኝ።»

«ቢጫዋማ አትታይም፣ ተቀንሳ ነው የምትወጣው።»

«እኔም ማየት የፈለግሁት የተቀነሰችውን ነው። ክፈተው።»

ከፈተው። አረንጓዴዋ አራት ሚሊሜትር ሄዳለች። ቢጫዋ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ሁለቱ ሲቀናነሱ ያ ጭጭ ያለው ዜሮ ወጣ።

«ይኸው!» አለ አማቿ ዳቦውን አስቀምጦ። «እጅዎ ተንሸራትቷል። ስዕሉ በሞላ ነው አራት ሚሊሜትር የሄደው፣ ዓይንዎም ያየው እሱን ነው። ፕሮግራሙ ልክ ነው፣ ጅማቱም ተበጥሷል።»

«የኔ እጅ? አራት ሚሊሜትር?» ፊቷ ቀላ። «አንተ ልጅ፣ እኔ አራት ሚሊሜትር የምንሸራተተው በሬ ከገፋኝ ነው!»

ተቆጣች እንጂ ውስጧ ፈርቷል። ምክንያቱም እሱ እንዳለው ሊሆን ይችላል። እየሳቀች ነበር እኮ፤ ስትስቅ እጇ ምን እንዳደረገ በምን ታውቃለች? እጇ ተንሸራትቶ ከሆነ ሰውየው ነገ ይከፈታል፣ የቀለበት ጣቱም ይደክማል። ካልተንሸራተተ ደግሞ የሄደው ምንድን ነው? ወንበር ሳበችና ጎኑ ተቀመጠች። ከቁጣው ይልቅ የማወቅ ጉጉቱ በለጠባት።

«እጄ ሄዶ ከሆነ ሁሉም ነገር መሄድ አለበት አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «እስቲ ሦስተኛ ሳጥን ጣልልኝ። ከቆዳው ሥር፣ ስቡ ላይ።»

ጣለ። ፊልሙ ሮጠ። ስቡ የሄደው ሁለት አሥረኛ ብቻ ነው።

«እንግዲያው እጅዎ አልሄደም» አለ አማቿ ጭንቅላቱን እያከከ። «ታዲያ ማን ሄደ? አጥንቱ?»

«አጥንት እግር አውጥቶ ይሄዳል እንዴ? አጉላልኝ፣ ቢጫዋን አጉላልኝ።»

አጎላው። እሜቴ ነጥብም ስክሪኑ ላይ አፍንጫዋ ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። አጥንት ማሽኑ የሚልከውን ድምፅ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከአጥንት በታች ሁልጊዜ ጥቁር ጥላ አለ። ይህ ሥራ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነው። ከቢጫዋ ሳጥን በታች ግን ጥላ የለም። አሸዋው እንደልቡ ይቀጥላል። ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ደብዘዝ ያለ መስመር አለ፤ ከሥሩ ድቅድቅ ጥቁር። እሱ ነበር አጥንቱ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ጎረቤት ላይ ነው የጣልኳት። ይሄ የሌባ ጣቱ ጅማት ነው። ስስቅ ፕሮቡ ዘንበል አለብኝ፣ አጥንቱ ደበዘዘ፣ ይሄኛው ነጣ፤ እኔም የነጣውን አይቼ ዘፍ አደረግኋት።»

አማቿም ገባው። ሰውየው አውራ ጣቱን ለማጠፍ ሲታገል እጁን በሙሉ ወጥሮ ነበር፤ ሁለቱ ጅማቶች ጎን ለጎን እኩል ተሳቡ። ፕሮግራሙ ታዲያ አንዱ ከሌላው ምን ያህል ራቀ ብሎ ነው የለካው። አብረው ከሚሄዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው አይርቅም።

«እማዬ» አለ። «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው እንበል። እውነትም እኮ ነው፣ ከሥሩ ጥላ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሪፖርቱ ላይ የሲስተም ስህተት ብዬ እጽፋለሁ።»

ልጇ ጥሩ ሰው እንዳገባች ያን ጊዜ አወቀች። ግን ራሷን ነቀነቀች። «ፕሮግራምህ አልሳቀም። የሳቅሁት እኔ ነኝ» አለችና ተነሣች።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲጽፍ አገኘችው። ይህን ሐኪም ሰው «ቁጥቡ» ይለዋል፤ ቃል የሚያወጣው እንደ መድኃኒት ጠብታ እየቆጠረ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሪፖርት አስተካክላ አታውቅም፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷም ሰው እንደሚያውቅ ታውቃለች።

«ዶክተር፣ ሪፖርቴ ስህተት ነው።»

«የቱ?»

«የፀጉር አስተካካዩ። አጥንት ብዬ የያዝሁት አጥንት አይደለም።»

ብዕሩ ቆመ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«መሳሳቴን እርግጠኛ ነኝ። ጅማቱ መዳኑን ገና አላወቅሁም። አራት ሚሊሜትር ሄዷል፣ ግን ጎረቤቱ ጎትቶት ሊሆን ይችላል። አውራ ጣቱ ለብቻው ሲሳብ ማየት አለብኝ። ዛሬ።»

ሐኪሙ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወቀሳ ስትጠብቅ፣ «ይጠራ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ያ ወሬኛ ሰውዬ አይደለም። ሰላም ብሎ ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ አበቃ። ጠዋት መቀሶቹን ዘይት ቀብቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጣቸው የነገራት ጠይቃው ነው። «ከዚያ ወዲያማ ምን ይወራል» አለ።

አራቱን ጣቶቹን ሐኪሙ ራሱ በመዳፉ ትራሱ ላይ ተጭኖ ያዘ፤ ጎረቤት እንዳይሳብ። አማቿ በር ላይ ቆመ። እሜቴ ነጥብ ፕሮቡን አስቀመጠችና የምታደርገውን ሁሉ ጮክ ብላ ተናገረች፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ። «ይኸው አጥንቱ። ይኸው ከሥሩ ጥላው። ቢጫ እዚህ። ይኸው ሌባ ጣት፣ እሱ ላይ ሰማያዊ። ይኸው የኛ ጅማት፣ አረንጓዴ።» ከዚያ ሰውየውን አየችው። «አሁን አውራ ጣትዎን ብቻ። ቀስ ብለው።»

ስክሪኑ ጭጭ አለ። ሁሉም ሳጥን ዜሮ ነው።

«እየሳብሁ አይደለም» አለ ሰውየው በዝግታ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያለችውም ክር ትበጠስብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ደግሞ «ክር» አለ። እሜቴ ነጥብ በሌላው እጇ ትከሻውን ያዘችው። «ሰኞ ተሰማኝ ያሉኝን ያስታውሳሉ? እሱን ክር ይሳቡት። ያንኑ።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። አረንጓዴዋ ሳጥን ነቃ አለች። ሦስት አሥረኛ። አንድ። ሁለት ነጥብ ስድስት። ሦስት ነጥብ አራት። ሰማያዊዋ ባለችበት ናት፣ ቢጫዋም ባለችበት። አሸዋው ለብቻው፣ በገዛ ኃይሉ፣ ወደ ክንዱ ሽው ብሎ ሄደና ቆመ። አውራ ጣቱ ግን አሁንም እንደ ሚስማር ቀጥ እንዳለ ነው።

ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፣ ጣቱን አየ፣ የጣቱን መገጣጠሚያ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዘወዘ። «ስፌቱ ይዟል» አለ። «የደረቀው መገጣጠሚያው ነው። የሚያስፈልገው ልምምድ ነው፣ ስድስት ሳምንት።» ጓንቱን አወለቀ። በር ላይ ደርሶ ዞር አለና ለሰውየው «ነገ አይምጡ» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ገልጦ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። እንባው ወረደ። አማቿ ዞር ብሎ የኮሪደሩን ግድግዳ ማየት ጀመረ።

«ክር ሲሳብ ተሰማኝ ብዬዎት ነበር» አለ ሰውየው ኋላ፣ እንባውን በደህናው እጁ እየጠረገ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ መደነቁን ነው የተናገረው።

«ብለውኛል» አለች እሜቴ ነጥብ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንጂ!» አለና እጁን መልሶ ትራሱ ላይ አጋደመ። «እስቲ በሞቴ አንዴ ድገሙልኝ። አሁን ዓይኔን ሳልጨፍን ልየው።»

አማቿ በሩን ዘግቶላቸው ወጣ፤ እሷም ጄሉን ጨመረችለት። ሳበ፤ ነጥቦቹ ሄዱ። ለቀቀ፤ ተመለሱ። «ደግሞ» አለ። ደገመ። እሷና ሰውየው ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አንገታቸውን አስግገው ተቀመጡ፣ ሁለት ሚስጥረኛ ጓደኛሞች ይመስል። ወረፋ የያዘው ሰው ከውጭ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እሜቴ ነጥብ አልከፈተችም።